ሳልጠይቅ የሰጠሁት እሺታ

ፖለቲከኛ ነበርኩ ስል ሰው ይስቅብኛል። አልፈርድበትም። ፓርቲዬ በወረዳችን ውስጥ የነበረው ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ እኔና ማኅተሙ። ማኅተሙም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አልነበረውም። ቢሯችን የእንስሳት መድኃኒት የምሸጥባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ስብሰባ የምንለውም እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ በሬው የታመመበት ገበሬ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆመን የምናወራውን ወሬ ነበር።

ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ወርቅ እስከ ቁይ ባለው አገር፣ ያልወጋሁት በሬ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሰዉ "ዶክተር" ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም። ስሜ አንተነህ ነው። አንድ የምርጫ ዘመን የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆኜ አገልግያለሁ። የመረጡኝ ፓርቲዬን ወደው ሳይሆን ለበሬዎቻቸው ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። በምክር ቤቱ ውስጥ ከሌላ ፓርቲ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ይላል። እኔ እጄን አውጥቼ "እኔ አልደገፍኩም" እላለሁ። እሱ በረጅሙ ይተነፍስና ሰርዞ "ከአንድ ሰው በስተቀር" ብሎ ይጽፋል። በሚቀጥለው ስብሰባም ያው ነው። ዓመታት ሙሉ ይህችን አንዲት መስመር ሳሰርዝ ኖርኩ።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዘመን አካባቢ የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ለወረዳ ምክር ቤት ልወዳደር ተመዘገብኩ። በእኛ ቀበሌ ከገዢው ፓርቲ ዕጩ ሌላ የተመዘገበ ሰው አልነበረም። እኔ ከወጣሁ ምርጫ አይኖርም፤ ያለው አንድ ስም ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው የእኔ ስም በዝርዝሩ ላይ መቆየቱ ከእህልና ከውሃ በላይ ያሳሰበኝ።

አሁን ስለ ራሴ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሬዲዮ እሰማለሁ፣ ጋዜጣ ከማርቆስ አስመጣለሁ፣ ሰው ተሰብስቦ ባየሁበት ሁሉ ስለ መብት እናገራለሁ። በተለይ አንድ የምወዳት ንግግር ነበረችኝ። ሴት ልጅ ለመጠየቅ የሚመጡ ሽማግሌዎችን ሦስት ጊዜ ማመላለስ ኋላ ቀርነት ነው እላለሁ። "ከዘመድ ልማከር፣ ሌላ ቀን ኑ" እያሉ ሽማግሌ በር ላይ ማቆም ጊዜ መግደል ነው፤ የሚሰጥም ይስጥ፣ የሚከለክልም ይከልክል እላለሁ። ይህን በሠርግ ቤት ተናግሬያለሁ፣ በዕድር ላይ ተናግሬያለሁ፣ የሚሰማ ባጣ ጊዜ ለምወጋው በሬ ሳልናገር አልቀረሁም።

የመጀመሪያ ልጄ ስመኝ ማርቆስ ከተማ የመምህርነት ኮርሷን ጨርሳ፣ ምደባ እየጠበቀች ቤት ተቀምጣ ነበር። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ጥሩነሽ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። ከቁይ ለስመኝ ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ። "የማን ልጅ ነው?" አልኳት። "ደህና ቤተሰብ ናቸው አሉ" አለችኝ። እኔም በዚያው ረካሁ፤ ደግሜ አልጠየቅኩም። የቅስቀሳ ወረቀት በእጄ እየጻፍኩ ስለነበር ጊዜም አልነበረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያጸዳሁ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው በአጥሩ በር ገቡ። ፊት ፊት የሚመሩት የነፍስ አባቴ ቄስ ዓለምነው ናቸው። ሁለተኛው የዕድራችን ዳኛ አያ ካሴ። ከኋላ ጉልበታቸውን እየጎተቱ የመጡት ደግሞ አያ ፈንታ፤ ልጃቸውን ክረምት ላይ ሸምበቆ የሚባለው ወንዛችን የወሰደባቸው ሰው ናቸው። ጥሩነሽ ከበሩ ላይ ሆና አየቻቸው።

"መጡ" አለች በሹክሹክታ። ነጠላዋን ለመቀየር ሮጣ ገባች። ስመኝም ወደ ጓዳ ገባች።

ሦስቱ ቤት ገብተው መሀል ወለሉ ላይ ቆሙ። ወንበር አቀረብኩ፤ ዝንፍ አላሉም።

"አባ፣ ይቀመጡ እንጂ" አልኳቸው።

"ልንለምንህ ነው የመጣን፤ ልጄ። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።"

"ጉዳዩን ይንገሩኝና እኮ..."

"ጉዳዩን አንተም አታጣው" አሉ አያ ካሴ። "ሰምተሃል ተብለናል።"

ሰምቼ የለ? ወሬው ደርሶኛል። ጥሩነሽን አየኋት፤ በዓይኗ እሺ በል ትለኛለች። አያ ፈንታን አየኋቸው፤ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። የነፍስ አባቴ በገዛ ቤቴ ቆመው ወለሉን ያያሉ። ያች የምወዳት ንግግሬ ደግሞ ምላሴ ላይ መጥታ ጉብ አለች። አሁን እነዚህን ሰዎች ሌላ ቀን ኑ ብዬ ብመልሳቸው አገር ምን ይለኛል? ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

"እኔ እንደምታውቁኝ ሽማግሌ የማመላልስ ሰው አይደለሁም" አልኩ። "ያላችሁት ይሁን። እሺ ብያለሁ።"

ቄስ ዓለምነው ቀና ብለው አዩኝ። እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብለው ያላሰቡ ይመስላሉ።

"ሙሉ እሺ ነው? ነገ ልመካከርበት፣ ከነገ ወዲያ ላስብበት የሌለበት?"

"ሙሉ እሺ።"

ተቀመጡ። ቄስ ዓለምነው መስቀላቸውን አውጥተው መረቁኝ። ቤትህን፣ ትዳርህን፣ ከብትህን ይባርክ አሉ፤ ረጅም ምርቃት ነበር። ለእያንዳንዷ አሜን አልኩ። ምርቃቱ እንዳበቃ ጥሩነሽ እልልታዋን ለቀቀችው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ጥሩነሽም ደስ ብሏታል እንዴ?" አሉ አያ ካሴ። "እኛ እሷ ትከፋለች ብለን ነበር።"

"ምን ያስከፋታል፤ ለመሆኑ ቀኑን መቼ አሰባችሁት?" አልኩ።

"ነገ ነው እንጂ። ነገ ማብቂያው ነው አሉን።"

"ነገ እንዴት ይሆናል? ድግሱስ?"

"የምን ድግስ?"

ሦስቱንም አንድ በአንድ አየኋቸው። 

"አያ ካሴ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የለመናችሁኝ?"

"ከምርጫው ስምህን እንድታወጣ ነዋ" አሉ። "ሌላ ምን አለ?"

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በራሴም በሰውም በአንድ ላይ ተናድጄ አላውቅም። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። ነገሩን ያስረዱኝ ቄስ ዓለምነው ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሦስቱን ጠርቶ አነጋግሯቸዋል። ሸምበቆ ላይ ድልድይ ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተቃዋሚ ዕጩ የሚያቀርብ ቀበሌ ለልማት ዝግጁ አይደለም ተብሎ ወደ ኋላ ሊቀር ነው ብሏቸዋል። አንተነህ ነገሩን ያውቀዋል፣ እናንተ ለምኑልኝ ብሏል። እኔ ያወቅኩት ነገር የለም።

"ድልድይ እኮ ስጦታ አይደለም፤ ግብር የምንከፍልበት ነው" አልኩ። "የእኔ መወዳደርና የድልድዩ መሠራት ምን ያገናኘዋል?"

"ለእኔ ማንም ይመረጥ ማን" አሉ አያ ፈንታ። እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። "ልጄን ውሃ ሲወስደው ከወዲያ ማዶ ቆሜ ሳየው ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ደግሞ ውሃ እንዳይወስደው ነው የምለምንህ።"

  ሊቀመንበሩን ብጠላውም፣ ነገሩ ማስፈራሪያ መሆኑን ባውቅም፣ እኒህ ሽማግሌ ፊት ግን ስለ ግብር መናገሬን ተውኩ። ቢሆንም ስሜን ማውጣት ማለት ለሊቀመንበሩ ቀበሌውን በሳህን ማቅረብ ነው። ደግሞም እሺ ያልኩት ለዚህ አልነበረም።

"እሺ ያልኩት ሌላ ጉዳይ መስሎኝ ነው" አልኩ። "ልጄን ልትጠይቁኝ የመጣችሁ መስሎኝ።"

አያ ካሴ እንደ ዕድር ዳኛነታቸው ጉዳዩን መዘኑት። "እኛ ልጅ ስጠን አላልንም። እሺ በለን አልን፤ እሺ አልከን። ተመርቀህ አሜን ብለሃል።"

ቄስ ዓለምነው ዝቅ ባለ ድምፅ "አንተነህ፣ ሙሉ እሺ ነው ብዬ ጠይቄህ ነበር" አሉኝ። በዚህ አለቀ።

ከሄዱ በኋላ እኔ በጥሩነሽ ላይ ጮኽኩ፤ በዓይኗ እሺ በል ስላለችኝ። ጥሩነሽ በእኔ ላይ ጮኸች፤ ስለ ዘመናዊነቴ። "ሦስት ጊዜ ብታመላልሳቸው ኖሮ ጉዳዩን በሁለተኛው ትሰማው ነበር" አለችኝ። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ልክ ነች። ስመኝ ምሳ ልታቀርብ ካልሆነ ከጓዳ አልወጣችም። ዕቃ ስታጥብ ይሰማኛል። ምሳ አቅርባልኝ ስትመለስ አላየችኝም፤ እኔም አላስተዋልኩም። ያን ቀን ያሰብኩት ስለ ራሴ ስም ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቄስ ዓለምነው ደጃፌ ላይ ደረሱ። ስሜን ሳወጣ በዓይናቸው ሊያዩ አብረውኝ ሊሄዱ ነው። ሊቀመንበሩ ነው ያዘዘው። የወረዳው ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። በጋ ስለነበር ሸምበቆ ቁርጭምጭሚት አያርስም፤ በድንጋይ ላይ እየረገጥን ተሻገርን። ቄሱ መሀል ላይ ቆመው ወንዙን አማተቡበት።

እኔ ስነጫነጭ ነው የሄድኩት።

"አባ፣ ሊቀመንበሩ ድልድዩን እሠራለሁ ሲል በጽሑፍ ሰጥቷችኋል?"

"አልጠየቅነውም።"

"ቢያንስ እንደኔ ሙሉ እሺ አስብላችሁታል?"

"ኧረ የለም።"

"ታዲያ እኔን ብቻ አስራችሁ እሱን በነፃ ለቀቃችሁት?"

"አንተ የንስሐ ልጄ ነህ፤ እሱ አይደለም" አሉኝ። እንደ ትልቅ ማስረጃ ነው የተናገሩት። 

የምርጫ ማስተባበሪያው ከአንድ መጋዘን ጎን ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። አስተባባሪው የለም፤ ቁርስ ሊበላ ሄዷል። ጠበቅን። መጣ፤ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን አለው። ስሜን ላወጣ እንደመጣሁ ስነግረው ደስታውን ሊደብቀው ሞከረ፤ አልተሳካለትም። "መልካም ነው፤ ቅጹን እንሙላ" አለ። ቅጽ ፈለገ፤ አልቋል። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ወጣ፤ መብራት ጠፍቷል። ተመለሰ። መብራት እስኪመጣ እንጠብቅ አለ። ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ለምሳ ዘጋ። ስሜን አስገብቼ በሩብ ሰዓት ነበር የተመዘገብኩት፤ ለመውጣት ግን ቀኑን ሙሉ ደጅ መጥናት ነበረብኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆንም መብራት አልመጣም። በመጨረሻ አስተባባሪው ነጭ ወረቀት አውጥቶ ቅጹን በእጁ ገለበጠው። ስም፣ ቀበሌ፣ ፓርቲ። ከሥር "ከውድድር የሚወጡበት ምክንያት" የሚል መስመር አሰመረ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

ምን ልጻፍ? ሌሊቱን ስናደድ ነው ያደርኩት፤ ስለ ምክንያቱ ግን ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ጻፍኩ። የጻፍኩትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። "የቀበሌያችን ሊቀመንበር እኔ ከተወዳደርኩ ድልድይ አይሠራም ስላላቸው፣ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ከውድድር እንድወጣ ስለለመኑኝና እሺ ስላልኳቸው።" ፈረምኩ። የፓርቲዬንም ማኅተም መታሁበት፤ ያን ቀን በመከራ ቀለም ነበረው።

አስተባባሪው አነበበ። ደግሞ አነበበ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ይሄን መቀበል አልችልም" አለ።

"ለምን?"

"ይሄ ምክንያት አይደለም፤ ክስ ነው።"

"የወጣሁበት ምክንያት ይሄ ነው። ሌላ የለኝም።"

"በራሴ ፈቃድ በላት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው።"

"በራሴ ፈቃድ አይደለማ። በራሴ ፈቃድ ቢሆንማ እዚህ ምን አመጣኝ?"

ወጣ። ከጎን ካለው ቢሮ ስልክ ሲያወራ ድምፁ ይሰማናል፤ ሲጀምር ጮክ ብሎ፣ ሲጨርስ ዝቅ ብሎ። ተመልሶ ሌላ ነጭ ወረቀት አወጣ።

"በግል ምክንያት" አለ።

"የግል አይደለም።"

"በጤና ምክንያት። ዶክተር አይደለህ፤ ጤና ማለት አይከብድህም።"

"ጤናማ ነኝ፤ ሦስት ሰዓት በእግሬ ነው የመጣሁት።"

አልዋሽም፤ እዚህ ላይ እልህ ይዞኛል። ግን ተንኮል አልነበረም። እመኑኝ፣ ስሜ እንዲወጣ ነበር የሄድኩት። ቃሌን ለሽማግሌ ሰጥቻለሁ፤ ልፈጽም ነው የመጣሁት። ያቃተኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። በቀበሌ ምክር ቤት ዓመታት ሙሉ "በሙሉ ድምፅ" የሚለውን ሳሰርዝ ኖሬ፣ በገዛ እጄ "በራሴ ፈቃድ" ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለ።

አስተባባሪው ከእኔ ተስፋ ቆረጠና ወደ ቄስ ዓለምነው ዞረ። እስከዚያ ድረስ ጥግ ይዘው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር።

"አባታችን፣ እርስዎ ይምከሩት" አለ። "የነፍስ ልጅዎ አይደለም? ሁለት ቃል እኮ ነው። በራሴ ፈቃድ ብሎ ይፈርምና በጊዜ ወደ ቤታችሁ ግቡ።"

ቄሱ ዳዊታቸውን ዘጉ። "ምን ብሎ ነው የጻፈው? ዓይኔ ደክሟል፤ አንብብልኝ።"

አስተባባሪው ማንበብ አልፈለገም፤ ግን ምን ያድርግ፣ አነበበ። "ሦስት ሽማግሌዎች" የሚለው ላይ ሲደርስ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንዲሁ ነው የሆነው" አሉ። "አንዱ እኔ ነኝ።"

"አባታችን፣ እንዲሁ መሆኑን አላጣሁትም። ግን እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።"

"የሆነው ካልተጻፈ ምን ሊጻፍ ነው?"

"እርስዎ ያዘዙትን ነው እኮ የምለው። እንዲወጣ ለምነውት የለ?"

ቄስ ዓለምነው ወረቀቱን አዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም፤ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። እንዴት እንደተላኩ፣ በማን እጅ እንደተላኩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

"ተወው አልኩት እንጂ ዋሽ አላልኩትም" አሉ። "ስሙን ያውጣ ብዬ ለምኛለሁ፤ እሱም መጥቷል። ሐሰት ጻፍ ብዬ የንስሐ ልጄን አላዝም። ትቀበለው እንደሆነ ተቀበል፤ አልቀበልም ካልክ ይምሽብህ።"

አስተባባሪው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከተቀበለው ያ ወረቀት መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ታዛቢም ሊያየው ይችላል፣ ከማርቆስ የሚመጣ ተቆጣጣሪም ሊያየው ይችላል። ካልተቀበለው ስሜ ይቀራል። እንደገና ስልክ ሊደውል ሄደ፤ የሚያነሣለት አላገኘም። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ጋር ስታገል ነበር። አንዱ ልቤ ተቀብሎት ይገላግለኝ ይላል፤ አያ ፈንታ ቆመው ይታዩኛል። ሌላው ልቤ አይቀበልህ ይላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ዘበኛው በሩን አንኳኳ። የመዝጊያ ሰዓት ነው፤ ስም የማውጫው ቀንም በዚያ አበቃ። አስተባባሪው ወረቀቱን አጥፎ ወደ እኔ ገፋው።

"ስምህ ባለበት ይቀመጣል" አለኝ። "እኔ ምንም አላየሁም፤ አንተም አልመጣህም።"

ከቢሮው ወጥተን ስንሄድ ቄስ ዓለምነው ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቃልህን ልትፈጽም ሄደሃል፤ በሩን የዘጋው ሌላ ነው። ከእኔ በኩል ተፈትተሃል። ለካሴና ለፈንታ እኔ እነግራለሁ።" ያን ዕለት ከከተማው አልወጣንም፤ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሚያውቋቸው ካህን ዘንድ፣ እኔ ከአክስቴ ልጅ ቤት አድረን ጠዋት ተመለስን።

ማክሰኞ ቤት ስደርስ ድል አድርጌ የተመለስኩ ነበር የሚመስለኝ። ጥሩነሽን አስቀምጬ ታሪኩን ቆሜ ተረክሁላት። አስተባባሪውን እየሆንኩ፣ ቄሱን እየሆንኩ። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዴ ንግግር አደረግሁ። "አየሽ፣ ማንም ቢሆን በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ ባለቤቱን ሳይጠይቅ እሺ ሊልለት አይችልም" አልኩ።

ስመኝ ከጓዳ ወጣች። ከእሑድ ጀምሮ አንድ ቃል እንዳላወራችኝ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?"

"ጠይቂኝ።"

"እሑድ ዕለት እሺ ስትል እኔን የሚጠይቁህ መስሎህ ነው፤ አይደል?"

"አዎ" አልኩ። አሁንም አልገባኝም፤ የስሕተቴን ታሪክ እንድደግምላት የፈለገች መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ።

"ለማን ነበር የሰጠኸኝ?"

"የቁይ ልጅ ነው ተብሎ..."

"ስሙ ማን ነው?"

ጥሩነሽን አየኋት። ጥሩነሽ ወለሉን አየች።

"እኔ የቁይ ልጅ የሚባል ሰው አላውቅም" አለች ስመኝ። "ጓዳ ሆኜ እየሰማሁህ ነበር። ጉዳዩ ምንድን ነው ብለህ እንኳ አልጨረስክም። ሙሉ እሺ ነው ሲሉህ ሙሉ እሺ አልክ። ስለ ምርጫው መሆኑን ስትሰማ ግን ተነሣህ፣ ተቀመጥክ፣ ጮኽክ፣ ሦስት ሰዓት በእግርህ ሄድክ። የእኔ ሲሆን ምንም አላልክም።"

አልጮኸችም። ብትጮኽ ኖሮ እኔም ጮኼ ነገሩ ያልፍ ነበር። መልሳ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ መሀል ወለሉ ላይ ሽማግሌዎቹ በቆሙበት ቦታ ቆሜ ቀረሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። ድልድዩ በዚያ ዓመት አልተሠራም። በሚቀጥለውም አልተሠራም። ሲሠራም ብዙ ክረምት ካለፈ በኋላ ሰዉ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከሌላ ቦታ በመጣ እርዳታ ነው። የእኔ መወዳደርም አለመወዳደርም አንድ ድንጋይ አላንቀሳቀሰም። አያ ፈንታ ግን ለረጅም ጊዜ ሰላምታቸውን ነፍገውኝ ነበር፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እነፍግ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ማስፈራሪያውን የጣለው ሰው ሰላም ብሎ ይሄዳል፤ የምንቀያየመው እኛ ነን።

እውነተኛዎቹ የቁይ ሽማግሌዎች ሁለት ሳምንት ቆይተው መጡ። አራት ነበሩ። እነሱም ቆሙ፤ እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉ። "ጉዳያችሁ የእኔ አይደለም፤ ባለቤቷ አለች" አልኳቸውና ስመኝን ጠራኋት። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን አልተለመደም። ጥሩነሽ በኀፍረት ልትሞት ነበር። ስመኝ ወጥታ እጅ ነሥታ ቆመች፤ ልጁን እንደማታውቀው፣ ምደባዋ እስኪደርስ ትዳር እንደማታስብ በሥርዓት ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ትልቁ ከበር ሲደርሱ "ልጅህን ዳኛ አደረግሃት" አሉኝ። በእኛ ቀበሌ ብዙ ዘመድ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ይህን ያልሰማ ሰው አልቀረም።

ምርጫውን ተሸነፍኩ። እንዴት እንደተሸነፍኩ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይላል፤ እኔም ብዙ የምለው አለኝ፤ ግን ያም ሌላ ንዴት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተወዳድሬያለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ አልተሳካልኝም። አሁን መድኃኒት ቤቴን ለሌላ ሰጥቼ ቁጭ ብያለሁ። ስለ መብት የማደርገውን ንግግርም ትቼዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው "ይሄ የማን ጉዳይ ነው?" ነው። ብዙዎችን ያሰለቻል፤ ጥሩነሽን ደግሞ ከሁሉ በላይ።

ሰዎች በፖለቲካ ምን አተረፍክ ይሉኛል። ሰውን በገዛ ጉዳዩ ላይ ጠይቄ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰምቼ፣ ዋጋ ቢያስከፍለኝም መልሱን የተቀበልኩበት አንድ ቀን ቢኖር የቁይ ሽማግሌዎች ቆመው የተመለሱበት ቀን ነው። በሕይወቴ በትክክል ያካሄድኩት ምርጫ ያ ብቻ ነው፤ መራጯም አንዲት ነበረች።